ከቁጥር ሁሉ የበለጠው ዕድሜ

ውድ ወንድሜ ጋሼ ወንድማገኘሁ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን አለህ? ጉልበትህስ አሁን ደረጃ ያስወጣሃል ወይስ እንደ ባለፈው ያስቸግርሃል? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መብራቱ መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ እኔም እዚያው ኤደን፣ መንሱራ ሰፈር ባለው ቢሮ እሠራለሁ። ደህና ያልሆነው ንዴቴ ነው፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ወደ አገራቸው የሚመለሱ ስደተኞችን የምንመዘግብበት ቢሮ ኃላፊ ሙንተሰር በጉዱ የሚኮራ ሰው ነው። የምንመዘግብበትን የኮምፒዩተር መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ ራሱ ሠራና ኸፊፍ ነው፣ እንደ ላባ ቀላል ነው፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ አንድም ቀን ስህተት ብሎ አያውቅም እያለ ሰው ፊት ይንጎራደዳል። ስህተት የማይለው አፍ ስለሌለው ነው። አንተ ስታስተምር በተማሪ መዝገብ «ዕድሜ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ያገኘውን የሚሞነጭር ረዳት ቢኖርህ ጆሮውን ትቆነጥጠው ነበር። ይህ የሙንተሰር ፋይል ግን ዓምዱን «ቁጥር» ብለህ ብትሰይመውም ስያሜውን እንደ ምክር ነው የሚቆጥረው። ቁጥር የመሰለውን ቁጥር ያደርጋል፤ ያልገባውን ደግሞ በጽሑፍነቱ ዝም ብሎ ያስቀምጣል። ይባስ ብሎ ሲያወዳድር፣ ጽሑፍ የሆነ ሁሉ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ይላል። ሲፈጥሩት ጥብቅ ካደረጉት እምቢ ማለት ይችላል፤ ሙንተሰር ግን እምቢ የሚለው ነገር አይወድም።

ለሊሴ የምትባል የአርሲ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት። ከአሥራ ስምንት በታች ያሉት በመጀመሪያው አውሮፕላን ይሂዱ ተባለ። የእሷ ዕድሜ የተጻፈው በዐረብኛ አኃዝ፣ ١٦ ተብሎ ነው። እኔና አንተ ቁጥር ነው እንላለን፤ ለዚያ ደንቆሮ ፋይል ግን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከአሥራ ስምንትም ከመቶም በለጠችና ከዝርዝሩ ወጣች። ለሙንተሰር ብነግረው፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሲስተሙ አዋቂ ናት ካለ አዋቂ ናት አለኝ። ፊቱ ቆማ ነበር፤ ትከሻው ላይ እንኳ አትደርስም። አውሮፕላኑ ያለ እሷ ሄደ።

ሦስት ቀን ሙሉ፣ ይህን በዐረብኛ የጻፈው ገልቱ ማን ነው እያልኩ ቢሮውን አመስኩት። በመጨረሻ የመዝጋቢውን ስም የሚያሳየውን ዓምድ ከፈትኩ። ለተ ማርያም ይላል፤ እኔው ራሴ። አንተ ወደ አገር ስትገባ እኔ እዚሁ ቀርቼ ተማርኩ አይደል፤ ጣቴ ሳላስበው የሚሄደው ወደ ዐረብኛው የቁልፍ ገበታ ነው። ስንቱን ሳማ ከርሜ የራሴን እጅ አላየሁም።

ዕድሜዋን አስተካከልኩና ለሁለተኛው በረራ ስሟ ከላይ ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዝርዝሩን ይዤ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። በመጠለያው አብራት የነበረች ሴት ናት የመለሰችልኝ። አዋቂ ነሽ ካላችሁኝ እንደ አዋቂ መንገዴን እሄዳለሁ ብላ፣ ከትናንት ወዲያ በከተማው መውጫ በዳር ሰዓድ በኩል ወደ ሳዑዲ ከሚያቀኑት ጋር ወጥታለች። ሙንተሰር ከስሟ ጎን «አልመጣችም» ብለሽ ጻፊ አለኝ። አልጻፍኩም።

እትዬ ጽጌሬዳን እጅ ነስታለች በልልኝ። ሰብሐት ኳሱን ትቶ ፈተናውን ያጥና። ፍቅርተን ጉንጯን ሳምልኝ። አርሲ የምታውቀው መምህር ካለ ደግሞ የለሊሴን እናት እንዲያፈላልግልኝ ለምንልኝ። ሲያገኛት ምን ብዬ እንደምልክላት ግን አላውቅም።

እህትህ ለተ ማርያም
ኤደን፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.