ድምፅ የማይገባበት ክፍል

ሰኞ

የእንቁላል ካርቶኑ ከግድግዳው ተላቆ ወድቆ አደረ። ይውደቅ። ወንድሜ ከስልኩ ላይ አይቶ የነገረኝ ዘዴ ነው፤ ክፍሉን የዶሮ ቤት አስመሰለው እንጂ የጎረቤታችንን የሚኪያስን የብረት መቁረጫ ግሪንደር ጩኸት አላገደልኝም። ግንበኛው ሻፊ ሲያየው ሳቀብኝ። ካርቶን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ቢቀንስ ነው፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያቆመው ክብደት ነው አለ፤ እሱም ቀዳዳ ከሌለ።

አባባ ልቡን ከታመመ ወዲህ ሐኪሙ ዋናው መድኃኒት እንቅልፍ ነው ብሎናል። ሚኪያስ በርና መስኮት የሚበይደው ደግሞ ከአባባ ራስጌ፣ ከግንቡ ማዶ ነው። ለምኜዋለሁ። እኔም የምበላው ከዚሁ ነው አለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም። ብረት መቁረጥ ሲጀምር አባባ ዓይኑን ጨፍኖ አንሶላውን ጭብጥ ያደርጋል። ያንን ማየት ከአቅሜ በላይ ሆነ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። በዚህ ሳምንት ወይ ክፍሉ ይዘጋል ወይ እኔ አብዳለሁ።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ግድግዳ ቆመ። ከአሮጌው ጋር እንዳይነካካ መሃል ላይ ክፍተት ተትቷል፣ የብሎኬቱ ቀዳዳም በአሸዋ ተሞልቷል። ከተነካካ ድምፁ ተሻግሮ ይመጣል ይላል ሻፊ። አባባ ሳሎን ፍራሽ ላይ ሆኖ፣ አቧራ እየጠጣ፣ ሁላችንንም ያዝዛል።

ኦቦ ቶላ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ልማዳቸው ነው፤ በመንገዱ በኩል ያለውን የአባባን መስኮት በዱላቸው ኳ ኳ አድርገው "አካም ቡልቴ?" ይሉታል፣ እንዴት አደርክ ነው። እሱም ከአልጋው ሆኖ "ነጋን ቡሌ" ይላል፤ በሰላም አደርኩ። ሲያቃስት ያደረ ዕለትም ነጋን ቡሌ ነው። ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ጨዋታቸው ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ገብተው ግንቡን ዞረው ዞረው አዩና "ወዳጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው እንዴ?" አሉኝ። አባባ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው።

ረቡዕ

ኮርኒሱ ላይ ጂፕሰም ተደረበ። ግድግዳ ቢወፍር ምን ዋጋ አለው፣ ድምፁ በጣሪያ ይገባ የለ። መስኮቱ ከውስጥ ሌላ መስታወት ተደርጎለት ዙሪያውን በሲሊኮን ታሸገ። በሩ ሥር ጎማ። ለአየር የታጠፈ ቱቦ ወደ ጓሮ።

ስንጨርስ ሻፊን ውጭ ቆመህ ጩህ አልኩት። እኔ ውስጥ ሆኜ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ አየሁ። እንደ ሞኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አባባ ማታ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ እኔም እንደ ወትሮው ሥሩ ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ሐሙስ

ተኛ። አባባ ተኛ። ረፋድ ድረስ። ግሪንደሩ ከሩቅ እንዳለች ትንኝ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ አለቀስኩ።

ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ቶላ አልመጣም?" ብሎ ነው። መጥተው ይሆናል፣ እኛ አልሰማን ይሆናል አልኩት። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሻፊ ቅዳሜ መስኮቱ ላይ መጥሪያ ይገጥማል፤ እስከዚያ ጠዋት ጠዋት ወጥቼ እጠብቃቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ዓርብ፣ ቀትር

እንቅልፍ ጣለኝና ሳልወጣ ቀረሁ። ነገ።

ግን ዛሬ ትንኟም የለችም! ጭራሽ። ልስኑ እየደረቀ ሲሄድ ይሻላል ማለት ነው። አባባ ጥሩ ቁርስ በላ፣ ጢሙን ላጨሁት። ከግቢ አልወጣሁም፣ ዝምታውን ትቼ ወዴት ልሂድ። ድል ነው።

ዓርብ፣ ማታ

ኦቦ ቶላ ሞተዋል።

ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሚኪያስ ቤት ተቆልፏል። የሱቋ ዘይነባ አየት አድርጋኝ "ቀብር ስትቀሩ አባባ ብሶባቸው ነው ብለን እኮ ፈራን" አለችኝ። የማን ቀብር አልኳት። ትናንት ማምሻውን ነው፣ ድንገት። ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ በመስኮታችን ሥር እየተነፋ አልፏል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ሚኪያስም ሥራውን ዘግቶ ሬሳ ተሸክሟል። ታማሚ በድንገት መርዶ አይነገረውም ብለው በራችንን ያንኳኳ የለም።

ድል ብዬ የጻፍኩት ዝምታ ይህ ነበር።

ዳቦውን ገዝቼ ገባሁ። አባባ ዓይንሽ ምን ሆኗል አለኝ። የሲሚንቶ አቧራ ነው አልኩት።

ቅዳሜ

ማለዳ የእድሩ ሽማግሌዎች ከኦቦ ቶላ ልጅ ጋር መጥተው አረዱት። አላለቀሰም። "ጥሩምባ አልተነፋም?" ብሎ ጠየቀ። ተነፍቷል አባባ፣ ያልሰማኸው በእኔ ነው አልኩት።

የኦቦ ቶላ ልጅ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። አባቱ ሐሙስ ጠዋት መስኮታችንን መትተው መልስ ሲያጡ ደስ ብሏቸው ነው አሉ ቤት የገቡት። "'ዛሬስ ወዳጄን እንቅልፍ ወስዶታል፣ ተመስገን' አለን፣ ቁርሱንም በደንብ በላ" አለው። አባባ ያኔ ነው ያለቀሰው።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጠራኝ። "ግድግዳው ይቁም፣ ደክመሽበታል። መስኮቱን ግን ክፈቺልኝ። የሰው ሞት የማይሰማበት ቤት መቃብር ነው" አለኝ። ሻፊ መጥሪያውን ይዞ መጥቶ ነበር። ሳይገጥመው ሲሊኮኑን በቢላ ፈልቅቆ ውስጠኛውን መስታወት አወጣልኝ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ መስኮቱን ከፈትኩት። ከገፈርሳ በኩል ብርድ ገባ። ነገ ሚኪያስ ይከፍታል፣ ግሪንደሩም ይመለሳል። ያን ጊዜ እንዘጋለን ወይስ አባባ እንቢ ይለኛል፣ አላውቅም። ልቡም ይችለው እንደሆነ አላውቅም።

ቀድሞኝ ነቅቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መመለስ ጀመረ። የጫማ ኮቴ፣ የሴቶች ወሬ፣ አንድ ጊዜ የዱላ ድምፅ። አባባ አንገቱን ቀና አደረገ። ዱላው ሳይቆም አለፈ።

መንገዱ ጭር እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቀስ ብሎ፣ "ነጋን ቡሌ" አለ።