በሰይድ ላይ ሐቅ ያለው

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2014

ሌባ አለው። የሞተን ሰው፣ እዚሁ በገዛ ግቢው ውስጥ ቆሞ።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከወልድያ በተነሣው የመጀመሪያ መኪና ነው የመጣሁት። ሲሪንቃን ስናልፍ አባባን ምን ብዬ እንደምቆጣው አስብ ነበር። ስልኩን የቆረጠው ጦርነቱ ሳይሆን እሱ ይመስል። መርሳ ደርሼ የአባባን ጋራዥ በር ስገፋ አክስቴ ፋጡማ አየችኝና ጭንቅላቷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። አወቅሁ።

አባባ፣ አያቴ ሰይድ፣ በኅዳር ሞተ። እኔ በታኅሣሥ አለቀስኩት።

እንባዬን ሳልጠርግ ይመር ገባ። ባለ ሚኒባሱ ይመር። መንዳት ያስተማረው አባባ ነው። ወደ ደሴ ሲሸሽ መኪናውን ለጥገና እዚህ ትቷት ነበር። አሁን አትነሣም፤ ሮተሯ የለችም። ሮተር ማለት ከመዳፍ የምታንስ ዕቃ ናት፤ እሷ ከሌለች ሞተሩ እሳት አያገኝም።

«ሸጠውብኛል» አለ። «ነፍስ ይማር፣ ግን ሌብነት ነው።»

የያዝኩትን ሻንጣ ወረወርኩበት። ሳትኩት። ይቆጨኛል።

ሰኞ

ፋጡማ ዛሬ ነገረችኝ። እየቆረጠች፣ እያረፈች።

ግቢው የሸሹ ሰዎች መኪና ሞልቶት ነበር። ታጣቂዎቹ አንድ በአንድ ወሰዷቸው። የቀረችው ሚኒባሷ ናት። አስነሣ አሉት። «እሷም እንደኔ አርጅታለች፤ ከተኛች አትነሣም» አላቸው። አንዱ ሳቀ። ሌላው በሰደፍ ደረቱን መታው። ሳቁም ዱላውም በአንድ ቀን።

ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ዋለ። ጤና ጣቢያው ተዘርፏል፤ መድኃኒት የለም። «ዘሃራ መጣች?» ይል ነበር አለችኝ። ያን ባትነግረኝ ምን ነበረበት?

ስንት ሬሳ ያነሣ ሰው! የቀብር ዕድራችን፣ ቅሬው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ወጥቶ ሊሸኘው ሲገባ፣ አራት ሽማግሌዎች ተሸክመውት ተኩስ መሃል ተቀበረ። ቃሬዛውን የሚቀባበል ወንድ እንኳን አልነበረም።

ማክሰኞ

ሮተሯን ስፈልግ ዋልኩ። አባባ የፈታውን ዕቃ መሬት አያስቀምጥም። «የሰው ንብረት አፈር አይልበስ» እያለ በጨርቅ ይቋጥረዋል። ልጅ ሆኜ ቋጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ቋጠሮ ነው የምፈልገው።

የመሣሪያ ሣጥን፦ የለም። ተዘርፏል።
ፍራሹ ውስጥ፦ የለም።
ጣሪያው ሥር፦ የወፍ ጎጆ።
የማሽላው ጎታ፦ ባዶ። እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ አለቀስኩ።

ጥርሱን የሚፍቅበት መፋቂያ መስኮቱ ላይ አለ። እሱን ማንም አልወሰደውም።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሸጧት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ርቦት ቢሆንስ? ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ

የቅሬው አባት ሼህ ሁሴን መጡ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ጋራዡ ግቢ ይቀመጣል፤ ያመለጠው ለቅሶ ይደረጋል። ሲቀበር ያልተጠየቀው ጥያቄም ያኔ ይጠየቃል፦ በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ማን ነው?

ይመር በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። «እኔ አለሁ። በሕዝብ ፊት እናገራለሁ።»

«ተናገር፤ እኔም እናገራለሁ» አልኩት።

«ሕግ ተምረሻል አሉ። እስቲ በሕጉ መኪናዬን አስነሺልኝ።»

ሼሁ «ተው አንተ» አሉት። ለእኔ ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሴት በቅሬ መሃል አትናገርም» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። እሺ ግን አላልኩም።

ሐሙስ

ምንም አላገኘሁም። ነገ አባባን ሌባ ብለው ይጨርሱታል። ሁለተኛ ሊሞት ነው።

ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ከቤቱ ደጃፍ። ዱዓ ተደረገ። ሼሁ ተነሡ። «በሰይድ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ወይም አፉ ይበለው። የሰይድ አማና፣ አደራው፣ ያለበትም ይመልስ።»

ይመር ተናገረ። ሸጠውብኛል አለ። አንድም ሰው «ሰይድ አያደርገውም» አላለም። ምንጣፉን ያያሉ።

ተነሣሁ። «ይህ ግቢ መኪና ሞልቶት ነበር። የተረፈችው የይመር ብቻ ናት። ለምን እንደተረፈች የጠየቀ አለ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ሴት ልጅ ወንድ መሃል…» ሲል አላስጨረስኩትም።

«አባባ ሲቀበር ወንዱ የት ነበር?»

ክፉ ቃል ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሸሹት፤ አውቃለሁ። ግን አልመልሰውም።

ያኔ ከሴቶቹ መሃል ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ተነሡ። ሸሽተው ግራና ከተማ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ ቅሬው ይቀመጣል ሲባል ሰምተው ገና ዛሬ ጠዋት መምጣታቸው ነው። «ሼህ፣ አማና ያለበት ይመልስ ብለዋል አይደል?» አሉና ከመቀነታቸው ትንሽ ቋጠሮ ፈቱ። ከአባባ ሰማያዊ ቱታ የተቀደደ ጨርቅ። ቋጠሮውን ከሩቅ ለየሁት።

«ስሸሽ ሰይድ ሰጥቶኝ፣ ‹ከእኔ ወይም ከቅሬው በቀር ለማንም እንዳትሰጪ› ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም። የሰው ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም።»

ሼሁ ፈቱት። ሮተሯ ናት። አፈር አልነካትም።

ይመር ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ማንም ከመናገሩ በፊት ወስጄ፣ ካቻቢቴ ተውሼ፣ ቦታዋ መለስኳት። አባባ እንዳሳየኝ። ባትሪው ሞቷል። «መገፋት አለባት» አልኩ፤ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

ምንጣፉ ላይ የነበረው ወንድ ሁሉ ተነሣ። ለመግፋት ይህን ያህል ሰው አያስፈልግም ነበር። ቦታ ያጡት የሌላውን ትከሻ ይዘው ገፉ። አንዱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት ጀመረ፤ ክርስቲያኖቹ ያለቅሳሉ፤ ሬሳ እንደሚሸኙ ሆነው እስከ አስፋልቱ አወጧት። በመስተዋቱ አየኋቸው። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። አንዴ ተንገጫገጨች፣ ተነሣች።

ይመር መስኮቱን ይዞ ከጎኔ ይሮጣል። «ዘሃራ፣ አፉ በይኝ!»

ሞተሩ ይጮሃል። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ቅዳሜ

ይመር ወደ ወልድያ ከመውጣቱ በፊት መጣ። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ። «አፉ ሳትይኝ መንገድ አልጀምርም ብዬ ነበር። ተሳፋሪ ግን ይጠብቃል።»

አባባ ቢሆን ገና ሳይጠየቅ ይለው ነበር። ሻይም ይጋብዘዋል። እኔ አባባ አይደለሁም።

«ሂድ፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ፋጡማ ጨርቁን ልጠበው አለችኝ። ከለከልኳት። የእጁ ዘይት አለበት።

ማታ ሲመለስ አፉ እለው ይሆናል። የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ አውቀዋለሁ።