ቆፋሪ ያልኩት አማች

ውድ ልጄ ሃይማኖት፣

ስልክ ብደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም። ይህን ወረቀት ጓደኛሽ ጀሚላ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር የምትሠሪበት ቤት ድረስ ታደርስልኛለች። በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋትን ፊደል አሰባስቤ የጻፍኩት ነውና ታግሰሽ አንብቢው። ሌላ ሰው እንዳላስጽፍ አፈርኩ።

የዚያን ዓርብ «እንግዶች ይመጣሉ፣ አባዬ፤ አክብረህ ተቀበላቸው» አልሽኝ። እኔ የጠበቅሁት ሽማግሌ ነው። ለእናትሽም ሽማግሌ ነው የላክሁት፤ ኮት የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ። እናም ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ወንበር ደርድሬ፣ በዘበኝነት የምጠብቀው ኢስቲራሃ፣ ዓረቦቹ የሚዝናኑበት ግቢ፣ በር ላይ ተቀመጥኩ። የመጡት ግን መቆፈሪያ የተሸከሙ ጥቋቁር ጎረምሶች ናቸው። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና «ያ አባ፣ ልንሠራልህ መጣን» አለ በዓረብኛ። የቦታው ባለቤት የላካቸው የቀን ሠራተኞች መሰሉኝ።

«ያላ፣ ግቡ! ከተምሩ ሥር ጀምሩ!» አልኳቸው።

ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሽማግሌ የሚባል ብቅ አላለም። ንዴቴን እነሱ ላይ ተወጣሁ።

«ሥሩን እንዳትቆርጠው! አገርህ መሬት የለም እንዴ?» አልኩት ረጅሙን።

«አለ፣ አባ። አገሬ ሙንድሪ ና፣ የእናቴን ማሽላ አሳይሃለሁ።»

«የጫካ ማርም አለ በለው» አለ ጓደኛው፤ «ንቡ ግን እንደ እሱ ቁጡ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገንዘብ ዘረጋሁለት። እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ለአማቱ ሠርቶ ደመወዝ የሚቀበል የለም» አለኝ። «ኤሉዛይ እባላለሁ፣ የሞሩ ጎሳ ሰው ነኝ፤ ከደቡብ ሱዳን። እኛ ቤት ሴት ልጅ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጓደኞቹን ይዞ የወላጆቿን እርሻ ይቆፍራል። አባቴም እናቴን የጠየቃት እንዲሁ ነው። አንተ እዚህ እርሻ ስለሌለህ ይህን ቆፈርንልህ። አሁን ስለ ልጅህ፣ ስለ ሃይማኖት ልናገር።»

ልጄ፣ እስከዚህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይቅር ይባላል። ያፈርኩት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ማን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ፣ ጓደኞቹ ፊት ሰደብኩት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ሰናኢያ ሰፈር ፋብሪካ ስሠራ እኔኑ የሰደቡበት፣ ስንት ጊዜ ሲያንገበግበኝ የኖረው ያው ቃል ነው። ከእኔው አፍ ወጣ። ገንዘቡን እግሩ ሥር ጥዬ በሩን ዘጋሁ።

ይህን ነግሮሽ ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን ግን የነገረሽ አይመስለኝም። ባለፈው ዓርብ ከሚኖርበት ከመንሱራ ሰፈር ብቻውን መጣ። በዚያኛው አጥር በኩል ያሉት ዛፎች ሳይቆፈሩ ቀርተው ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ገባና ቆፈረ። ወደ እኔ ክፍል ዞር ብሎ አላየም። በዚያ ፀሐይ ውኃ እንኳ አላወጣሁለትም። ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቄ አየዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሌባ። ሲጨርስ መቆፈሪያውን አጠበና ወደ መስኮቴ መጣ።

«ኸላስ፣ አባ። ጨርሻለሁ። ደህና እደር» አለ።

እዚያ እንዳለሁ ያውቅ ነበር። መጋረጃውን እንኳ ሳልገልጥለት ሄደ።

ጀሚላ የመውጫ ቪዛ ጨርሳችሁ ወደ ሙንድሪ ልትሄዱ ነው አለችኝ። ያለ ምርቃት እንዳትሄጂብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የፈራሁት የሰው አፍ ነው፤ «የጌጡ ልጅ ለማን ተዳረች!» ይሉኛል ብዬ። እናትሽ ብትኖር ያን ቀን እኔን ከደጅ አስቀርታ እሱን ታስገባው ነበር።

ለብቻው ይቅርታ ብለው ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። ቀላል ይሆንልኛል፣ ስለዚህ አልፈልገውም። የሰደብኩት ጓደኞቹ ፊት ነው። በዚህ ዓርብ ሁሉንም ይዞ ይምጣ፤ አንድም እንዳይቀር። መቆፈሪያ አይያዙ። በጉን እኔ አርዳለሁ፣ ወጡንም እኔው እሠራለሁ፤ ቢያርም ይበሉታል። እነሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። እኔ ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ ይቅር ብሎ አንቺን ከሰጠኝ እመርቃችኋለሁ፤ ጠያቂው አሁን እኔ ነኝ።

አልቅሶ ጻፈው ብለሽ እንዳትነግሪው። አላለቀስኩም።

ያሳፈረሽ አባትሽ፣
ጌጡ