የጥበቃው ልጆች

ኅዳር 9 ቀን፣ ጠዋት

እማዬ፣ የኔ ሆደ ሰፊ፣

ነገሩ የተበላሸው አለቃችን ከወንበሩ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ የሳልኳትን ትንሽ ክብ በአውራ ጣቱ ሲያጠፋት ነው። በስልክ ገና እዚህ ሳልደርስ «አንቺ ደግሞ! ይቅርታ ብለሽ ሥራሽን ያዢ» ስላልሽኝ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ሥራሽ ምንድን ነው ትዪኛለሽ ሁልጊዜ። የማዋለጃ ሆስፒታሉ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ በሥዕል አሳያለሁ። እናት አንድ ሳጥን፣ ሕፃን አንድ ሳጥን፣ አባት አንድ ሳጥን፤ በመካከላቸው መስመር። የመስመሩን ጫፍ አጭር ሰረዝ ካቋረጠችው ግንኙነቱ ግዴታ ነው፤ ካልተሟላ ኮምፒውተሩ አይመዘግብም። ክብ ካለችበት ግን ካለ ይጻፋል፣ ከሌለ ይታለፋል። ከሕፃን ወደ እናት ሰረዝ አደረግሁ፤ እዚያ ክፍል ያለ እናት የሚወለድ የለም። ከእናት ወደ ሕፃን ክብ፤ ነፍሰ ጡር ካርድ የምታወጣው ገና ሳትወልድ ነዋ። ወደ አባትም ክብ አደረግሁ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ አለቃችን።

«አባቱ ካልታወቀ ወይም እናቲቱ መናገር ካልፈለገች፣ ልጁ ሳይመዘገብ እንዳይቀር ናት።»

«አባት የሌለው ልጅ አለ እንዴ? ከሰማይ ነው የወረደው?» ስብሰባው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

«አባት የሌለው የለም። እኛ ጋ የማይመጣ ግን ሞልቷል።»

«እህቴ፣ እኛ የምንመዘግበው ቤተሰብ ነው፣ ጣጣ አይደለም» አለና አጥፍቷት በቦታዋ ሰረዝ ሳበ። በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄጄ ድጋሚ ብነግረው «አንቺ ሥዕልሽን ሳዪ፣ እኔ እወስናለሁ» አለኝ።

ሥራው ተጀመረ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ፊቷ አራስ ቆማለች፣ ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የአባት ስምና ስልክ ካልገባ ወይ ፍንክች። ቀና ስትል በሩ ላይ ጥበቃው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የእርስዎን ላስገባው? ለጊዜው ነው።»

«አስገቢው ልጄ፣ ስም ምን ይፈጃል!»

ከዚያ ወዲያ መጠየቁንም ተወችው። አባቱ ያልተጠራ ሕፃን ሁሉ የጥበቃው ልጅ ሆነ።

የክትባት ቀን ሲደርስ ደግሞ መልእክቱ የሚሄደው ወደ አባት ስልክ ነው፤ ይህም የአለቃችን ትእዛዝ ነበር። «ልጅዎን ያስከትቡ» የሚለው መልእክት የጥበቃው ስልክ ላይ ይዘንብ ጀመር። እሳቸው ሳያነቡት ይተዉታል፤ ሚስታቸው አነበቡት። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም፣ እማዬ። ሴትዮዋ ስልኩን ይዘው መጡና ግቢው መሃል የባላቸውን ኮሌታ አነቁ፦ «እኔን መካን እያሰኘህ አንተ አገር ምድሩን ስትወልድ ኖርክ?»

ነርሶቹ በሳቅ ሞቱ። «እንኳን ማርያም ማረችዎት፣ አባባ» እያሉ እስካሁን ይቀልዱባቸዋል። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ወዲያው መልእክቱ ያልደረሳቸው እናቶች ትዝ ሲሉኝ ቀዘቀዝኩ። ክትባት ያለፋቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። አንዷ ትክትክ ይዟት ኦክስጅን ላይ ተኝታለች። ልጠይቃት ሄድኩ። እናቷ በዕድሜ ከእኔ ብታንስ ነው። «ቀኑን ረሳሁት እንጂ፣ ደውላችሁ ቢሆን በእግሬም እመጣ ነበር» አለችኝ። ጥፋቱ የራሷ መስሏታል።

አለቃችን ሰብስቦን «ንድፉ የእሷ ነው» አለ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። ያን ቀን የሳቁት በሙሉ አቀርቅረው ስልካቸውን ይነካካሉ። ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ከፈረምኩ በማስጠንቀቂያ ያልፈኛል፤ ካልፈረምኩ እባረራለሁ። እስከ ሰኞ አስቢበት ተብያለሁ።

አንቺ ፈርሚ ትያለሽ። ለምን እንደምትዪ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ልታስመዘግቢኝ የወሰድሽኝ ቀን፣ ጸሐፊዋ «የአባት ስም?» ስትልሽ የአጎቴን ስም ስትሰጫት አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ድምፅሽ ንቅንቅ አላለም። ስንመለስ ግን ቤት እስክንደርስ እጄን አጥብቀሽ ይዘሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም፤ አሁንም ንገሪኝ አልልሽም። ያን የተናገርሽው ሌላ መግቢያ ስላልተዉልሽ መሆኑ እንደገባኝ ብቻ እወቂልኝ።

ለእኔ አታስቢ፤ ወጣት ነኝ፣ ተምሬያለሁ፣ እጄ ሥራ አይጠላም። አንቺ ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂ፤ አሠሪዎችሽ ደረጃውን ደጋግመሽ ውጪ ውረጂ ሲሉሽም አመመኝ በያቸው። ካለሽበት ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ የማልፈርም መሆኔን እነግረዋለሁ። ሌላው ያጠፋውን ተሸክሜ ይቅርታ አልልም። የዚያች ሕፃን እናት ራሷን ስትወቅስ እያየሁም ዝም አልልም። አንቺም፣ እማዬ፣ በእኔ የተነሳ ለማንም አንገትሽን እንድትደፊ ከእንግዲህ አልፈቅድም።

ልጅሽ