ጆንያ አይመዘገብም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሱሀይል አብዱልሀፊዝ፣ ዱባይ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? በዚያ ሙቀት የትልቁ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ የሚውለው እግርህስ እንዴት ሆነ? እብጠቱ ጎደለልህ? ምግቡ ተስማማህ? አብረውህ የሚያድሩት የአገር ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ አለች፣ ልጄ አፊያ አለች፣ አባባም አሉ። አባባን መጨረሻ ላይ ያነሣኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስታነበው ይገባሃል።

ባለፈው ስንደዋወል "ሱቃችን ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው?" ብለህ እንደጠየቅኸኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ መቋረጡን ወደድኩት። በስልክ ብነግርህ ወይ አንተ ትጮኻለህ፣ ወይ እኔ አለቅሳለሁ። ይኸው የጎረቤታችን ልጅ ባንተአምላክ ወደ አንተ አገር ሊበር ስለሆነ ጽፌ ሰጠሁት። ሱቅ የለንም፣ ሱሀይል። ቤትም የለንም። አሁን ቁጭ በልና የቀረውን አንብብ።

ያ የተወለድንበት ግቢ፣ አሮጌው የኑግ ዘይትና የዱቄት ፋብሪካ፣ አንተ የምታውቀው አይደለም። መጭመቂያው ሥራ ካቆመ ዓመታት ቢሆነውም አባባ ዛሬም ሹሙ እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ቁልፋቸውን ይዘው ይዞሩ ነበር። አምና አንድ ባለሀብት መጣና ግቢው ለልማት ተሰጠው ተባለ። ታች ሱቅ፣ መካከሉ ቢሮ፣ ላዩ መኖሪያ ይሆናል፤ የድንጋዩ አዳራሽ ታሪካዊ ስለሆነ አይፈርስም፣ ካፌ ይሆናል አሉን። ስብሰባ ጠርተውን ናርዶስ የምትባል መሐንዲስ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አብርታ አሳየችን። ዛፍ አለ፣ የሚሳሳቁ ወጣቶች አሉ፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አለ። እኛ የለንም። እማዬ "የኛ ቤት የቱ ጋ ነው?" ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ብስክሌቱን አሳየቻት።

ከሱቆቹ ጥቂቶቹ ለግቢው ነዋሪና ለከተማው ትናንሽ ነጋዴዎች ከነጓዳቸው ይሰጣሉ ተባለ። ሱቁ ከሰዉ ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ ቀድሞ የተገኘ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ሱቁ ሲያልቅ ምዝገባው ይዘጋል አሉ። እኛም ደስ አለን። ወረፋ ለኛ አዲስ ነገር አይደለማ!

የፋብሪካውን ወረፋ መቼም አትረሳውም። ከአዘና ይምጣ ከዘንገና፣ ገበሬው ኑጉን ከጋሪ አራግፎ ጆንያውን በመስመሩ ያኖርና ገበያውን ሊገበይ ይሄዳል። ቢውል፣ ዘመድ ቤት ቢያድር እንኳ ጆንያው ቦታውን ይይዝለታል። የሰው ጆንያ የገፋ ሰው ወዮለት፤ አባባ ኑጉን ሳይጨምቁ ከነጋሪው ይመልሱት ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላ ገበያ መሃል ቀና ብሎ አይሄድም።

የምዝገባው ቀን ጎህ ሲቀድ ሁላችንም በሩ ላይ ተገኘን። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። ቆሎ ሻጯ እትዬ ዘውድነሽ ከሁላችን ቀድማ ደርሳ ጥርሷ ይንገጫገጫል። በሩ የሚከፈተው ገና ረፋድ ላይ ነው። ይኼኔ አባባ ያን የድሮ ድምፃቸውን አወጡና "ጆንያችሁን አምጡ!" አሉ። ሰዉ ሁሉ እየሮጠ ጆንያ አመጣ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ከተተበት። አባባ አንድ በአንድ ደረደሩት፤ የእትዬ ዘውድነሽ መጀመሪያ፣ የጋሪ ነጂው የይኸነው ቀጥሎ፣ የራሳቸው እንደ ልማዳቸው መጨረሻ። "በሉ ግቡና ሙቁ፤ ጆንያችሁ አለላችሁ" አሉን። እሳቸውም የራሰ ልብሳቸውን ሊለውጡ ገቡ። ኧረ እዚሁ እንቁም ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ማን ይላል? አባባ ተናግረው!

ተመልሰን ስንወጣ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ከሚኒባስ ወርደው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ በመስመር ቆመዋል። ጆንያዎቻችን ቦይ ውስጥ ተጥለዋል። አባባ ወደ ዘበኛው ሄደው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ወረፋ ነው" አሉት። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያቸውና "አባት፣ ጆንያ አይመዘገብም" አላቸው። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ተሰለፍን። ተራው እትዬ ዘውድነሽ ጋ ሳይደርስ ሱቁ አለቀና በሩ ተዘጋ።

እሷ ያን ጊዜ ምን እንዳለች ታውቃለህ? ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትላቸው የኖረች ሴት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "አንተ ሽማግሌ፣ ጆንያዬን ወረፋ አስይዘህ እኔን ሜዳ ላይ ጣልኸኝ" አለቻቸው። ሰውም ዝም በዪ አላላትም። እኔም፣ ልጃቸው፣ አፌን ይዤ ቆምኩ፤ በልቤ እውነቷን ነው እያልኩ ነበርና።

በመስከረም ቤቶቹን አፈረሱ። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን አራታችንም እዚያው ነን። እማዬ ለአባባ ምግብ ታቀርባለች፣ ቃል ግን አትተነፍስም። ከመስጊድ ሲወጡ ድሮ ጫማቸውን ለማቀበል የሚሻማው ሰው አሁን ቀድሟቸው ይወጣል። ይኸነው በጋሪው ሲያልፍ አለንጋውን ያጮኻል እንጂ ሰላም አይላቸውም። ይህች ከተማ እንዲህ ጨካኝ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ካፌው የተከፈተው ባለፈው ወር ነው። ለዘመናት ድንጋዩ ውስጥ የሰረገው የኑግ ዘይት ቀለሙን አላስይዝ ብሏቸው ደጋግመው ቀቡት አሉ፤ ይህን ስሰማ ብቻ ነው የሳቅሁት። በምርቃቱ ቀን አባባ ካልሄድኩ ብለው በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። መጭመቂያውን አረንጓዴ ቀብተው በገመድ አጥረውታል። ግድግዳውን ተከትሎ ደግሞ፣ ከየላያቸው መብራት የበራባቸው፣ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ቆመዋል። የኛው ጆንያዎች ናቸው፣ ሱሀይል! ከቦይ ለቅመው፣ አጥበው፣ ጌጥ አድርገዋቸዋል።

አባባ እያንዳንዱን በአፉ ስፌት ያውቁታል። ጥቂት ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ጎተቱ። የእትዬ ዘውድነሽን መጀመሪያ አደረጉት፣ የይኸነውን አስከተሉት፣ እንዲህ እያሉ እንደዚያ ቀን ደረደሯቸው። ወጣቶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ስልካቸውን አውጥተው ቀረጿቸው፤ አጨበጨቡ። ናርዶስ ሳይቀር ፈገግ ብላ "ምን አለ እሑድ እሑድ እየመጡ እንዲህ ቢያሳዩልን?" አለችኝ። አባባ የራሳቸውን መጨረሻ ላይ አቁመው ሲያበቁ ወደሚበላው ሰው ዞሩና "ተራችሁን ጠብቁ፤ ባለቤቶቹ አልመጡም" አሉ። ሳቁ ቆመ። ያ ዘበኛ መጣና በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው። ከኋላችን ጆንያዎቹን ወደ ቦታቸው ሲመልሱ ሰማሁ።

እንግዲህ ሱቃችን ይህ ነው። አንተ "ትዳር ስይዝ የምገባበት" ያልኸው ጓዳም አብሮት ሄዷል፤ ወዲህ ስትመጣ የምታርፍበትን ካሁኑ አስብ። እኔ የማባብልበት ቃል የለኝም።

እማዬ ናፍቆትህ ገደለኝ፣ እግርህን በጨው ውኃ ዘፍዝፈው ትልሃለች። አፊያ አጎቴ ሰላም ሁን፣ ሰዓት ላክልኝ ብላለች፤ እንዳትሰማት። እትዬ ዘውድነሽን ለሱሀይል ምን ልበልልሽ ብላት፣ ፊቷን አዞረች።

አባባ ሰላምታቸው ብዙ ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። "ሱሀይል የሚሠራው በር ላይ ነው አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ጻፊለት" አሉ፤ "ሰው በሩ ላይ ዕቃውን አኑሮ ዞር ካለ፣ አደራ፣ እንዳያነሣበት።"

እህትህ ሃጀር አብዱልሀፊዝ
ዳንግላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.