የአምሳ ዓመት ነዳጅ

ልደታ፣ ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሰሐ። ከኪየቭ ብርድ ጋር እንደምን ከርመሃል? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነን።

መሠረተ ትምህርት ምስጋና ይግባውና ደብዳቤህን ራሴ አነበብኩት። ዓለም የዛሬ አምሳ ዓመት ስንት ነዳጅ እንደምትፈጅ፣ ከየት እንደምታገኝም ማስላት መማርህ ደስ ብሎኛል። ሩቅ ማሰብ ጥሩ ነው። እኛ የምናስበው ቀበሌ እስከሚያድለን ነጭ ጋዝ ድረስ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ በራሽን ሆኗል።

አባትህ ነዳጅ ሊጭኑ በቦቴያቸው አሰብ ወርደዋል። እሳቸው መንገድ ላይ ሳሉ የደጃችን ፋኖስ እንደማይጠፋ ታውቃለህ። የእኔ ጋዝ ሲያልቅ ጎረቤታችን ዙሃራ የራሷን ራሽን አምጥታ ሰጠችኝ። «አንቺስ በምን ልታበሪ ነው?» ብላት አቀፈችኝ። ሰዉ ሁሉ ዘንድሮ ደግ ሆኗል።

አብረዋቸው የወረዱት ቦቴዎች ገብተዋል። ሾፌሩ ደገፋ፣ ያ ሳይቀልድ የማያልፈኝ፣ ትናንት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሲያየኝ መንገድ ተሻገረ። ቸኩሎ ይሆናል። እኔም የአባትህን ካፖርት አጥቤ ሰቅዬዋለሁ፤ ሲገቡ ይበርዳቸዋል።

አንድ ነገር መምህርህን ጠይቅልኝ። የዓለምን ነዳጅ ለአምሳ ዓመት ካሰሉ፣ አንድ ቦቴ ከአሰብ ልደታ ለመድረስ ሲበዛ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ጎማ ቢፈነዳም፣ ድልድይ ቢሰበርም፣ ሾፌሩ አሞት ቢተኛም ሁሉንም ጨምረው ያስሉልኝ።

ሁላችንንም በደህና ያገናኘን። የዙሃራ ጋዝ ሳያልቅ መልስህ ይድረሰኝ።

እናትህ ጠጅቱ