አባባ በርካሽ መሣሪያ ላይ የፈረደው ፍርድ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ደህና ነህ ወይ? ወገብህስ? ምሳህን ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ አሁንም እንደ ድሮው ቆመህ እየሠራህ ዳቦ ትገምጣለህ? መልሱን ስለማውቀው አልቆጣህም፤ ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼልሃለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ብርድ ሲሆን ያጉረመርማል፣ እሷም አብራው ታጉረመርማለች። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ትጮኻለች፣ እኔ ከሷ በላይ እጮኻለሁ፣ ደንበኞቼ ሁለታችንንም ለምደውናል።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ለእንጨት ሥራህ ሱቅ ተከራይተህ ቁልፉን በመቀበልህ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን ባዶ ነው ብለሃል። ጥሩ መሣሪያ እስክገዛ ልጠብቅ ብል ዓመት ያልፋል፣ በርካሹ ልጀምር ብል ደግሞ የመጀመሪያው ደንበኛ ፊት እንዳልዋረድ እፈራለሁ ብለህ፣ ዝርዝር ጽፈህ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂልኝ አልክ። ከታች ደግሞ በትልቁ፣ ሁለቴ አስምረህበት፦ ለአባባ እንዳትነግሪው።

አይ ወንድሜ! ይኼ እኮ ውሃ ቀድተሽ ነይ፣ ወንዙ ግን እንዳያይሽ ማለት ነው። ያም ሆኖ ቃሌን ጠበቅኩ፤ አንዲት ቃል አልነገርኩትም። ዝርዝሩን ግን የአባባ መነጽር ሥር ረሳሁት። ሰው ይረሳል።

አነበበው። የእጅ ጽሑፍህን አይቶ መጀመሪያ አስቀመጠው፣ ከዚያ መልሶ አነሳው። እማዬና እኔ ወጥ ቤት ሆነን በበሩ እናጮልቃለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምህን ያልጠራ ሰው፣ ሲብስበት «ያ ልጅ» ብቻ የሚል ሰው፣ ምን አለ መሰለህ? ሱቁ መስኮት አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። መስኮት ከሌለው ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ይሥራ እንጂ በአምፖል እንጨት አይታይም አለና ተኛ። በማግስቱ ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ነይ አለኝ። ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የሄድነው ያንተ ዝርዝር ውስጥ ያለው ርካሽ መሣሪያ ሁሉ የሚሸጥበት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ነው። ባለሱቁን ታስታውሰዋለህ፤ ሰው ዕቃ ባነሳ ቁጥር «ዋስትና የለውም» ስለሚል ስሙ ራሱ ዋስትና የለውም ሆኖ ቀርቷል። አባባን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። አባባ ሱቁን ሊዘጋበት የመጣ ነው የመሰለው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ደጃፍ አንዲት ሚስማር ገዝቶ አያውቅማ! ዋስትና የለውም ሳቅ እያለ፣ ሰዉ ለአባባ ባወጣለት ስም ጠርቶ፣ ጋሽ ሚሊ ዛሬ ምን እግር ጣላቸው አለ። አባባም ዝርዝሩን ዘርግቶ፣ አንተ አምጣ፣ እኔ ልይ አለው።

እንዴት እንዳየ ልንገርህ፤ እኔ ልብስ ሰፊዋ እንኳን አፌን ከፍቼ ነበር የቆምኩት። መጋዙን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ተመለከተው፣ ጎብጦ ጫፍና ጫፉ ሊነካካ እስኪደርስ ለመጠውና ለቀቀው። ቀጥ አለ። ከቦርሳው የጣውላ ቁራጭ አወጣና ቆረጠበት። ይግዛው፣ ሲደንዝ ግን ይጣለው፣ ይህ ጥርስ ሞረድ አይቀበልም አለ። የእጅ ሞርሳውን የባለሱቁ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስሮ ሲነቀንቀው ጠረጴዛው አለቀሰ፤ ዋስትና የለውምም አብሮ ሊያለቅስ ትንሽ ነው የቀረው። ሞርሳው ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን በብዛት ይግዛ፣ ኮላ እስኪደርቅ እንጨት ለመያዝ ርካሹም ውዱም እኩል ነው፣ ሞርሳ በዛብኝ ያለ አናጺ እስከ ዛሬ አላየሁም አለ።

መሮው ላይ ስንደርስ ነገሩ ረዘመ። የእያንዳንዱን ጥግ በሞረድ ይነካካል፤ ሞረዱ ከነከሰው ብረቱ ልፍስፍስ ነው፣ ካንሸራተተው ጠንካራ ነው። ከአንድ ሳጥን ከወጡት ስድስት መሮዎች አራቱ ጎበዝ፣ ሁለቱ ቅቤ ሆኑ። ሳጥኑ አንድ፣ ማኅተሙ አንድ! ስለዚህ በሳጥን አትግዛ፤ ሞረድ ይዘህ ሂድና አንድ በአንድ ምረጥ። መላጊያው ሆዱ ጎድጎድ ብሏል። ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ አንጥፎ ግማሽ ቀን ቢያሸው ይቃናል፣ ጉልበት ካለው ይግዛ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፦ «ውድ መሣሪያ ፋብሪካው ጨርሶ የሚሰጥህ ነው፤ ርካሽ ደግሞ ፋብሪካው የጀመረውን አንተ የምትጨርሰው ነው። ሊጨረስ የማይችለውን ነው መተው።»

ሊጨረሱ የማይችሉት እነዚህ ናቸው። ድሪሉን አስነስቶ የመሰርሰሪያውን ጫፍ በእርሳስ የተሠራች ነጥብ ላይ አስጠጋው፤ ጫፉ እንደ ሰካራም ይዞር ነበር፣ ወዲያውም ጎማ ጎማ ሸተተ። ይተወው፣ ለጊዜው ይዋስ። ካቻቢቴው ጫፉ ሁለት ብሎን ሳያጠብቅ ይሟልጣል፣ ይተወው። የዓይን መከላከያ መነጽርማ በእጁም አልነካው፤ ዓይን በርካሽ አይጠበቅም ብሎ አለፈ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰዉ ተሰብስቧል። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ የራሱን ዕቃ አምጥቶ ጋሽ ሚሊ ይችንም እዩልኝ ማለት ጀምሯል። ዋስትና የለውም ራሱ ወንበሩን ለአባባ ለቆ፣ ወረቀት አውጥቶ፣ ደግሜ የትኛውን ላስመጣ እያለ ይጽፋል። አባቴ ነው ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስናገር ነበር።

የመጨረሻው የማዕዘን መለኪያው፣ ስኳድራው ነበር። አባባ ርካሹን ከመንካቱ በፊት ከቦርሳው የራሱን፣ ያቺን ሙያውን ያስተማረው ጌታው የሰጠውን፣ በፍላኔል ጨርቅ የተጠቀለለችውን ስኳድራ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስጠጋቸው በመካከላቸው ብርሃን ገባ። ይኸው፣ ጠማማ ነው፣ ይህን ለሰው ትሸጣለህ ብሎ ተቆጣ። ዋስትና የለውምስ ምን አለ? በትሕትና፣ ግን ሰዉ ሁሉ እየሰማው፣ «ጋሼ፣ ጠማማው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አይለው መሰለህ!

አባባ ሊያሳፍረው ተነሳ። አንተንም ያስተማረህን ፍተሻ ታውቀዋለህ፤ ስኳድራውን ቀጥ ካለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ አንድ መስመር ማስመር፣ ከዚያ መገልበጥና እዚያው ላይ ደግሞ ማስመር። ልክ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆናሉ። በርካሹ አሰመረ፣ ገለበጠ፣ አሰመረ። አንድ ሆነ። በራሱ ስኳድራ አሰመረ፣ ገለበጠ፣ አሰመረ። ሁለቱ መስመሮች ከታች ተያይዘው ከላይ ተለያዩ። እርሳሱን ቀርጾ ደገመው፤ ጣውላውን ቀይሮ ደገመው። ውጤቱ ያው ነው፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ወንድሜ፣ አሁን ብዕሬን አጥብቄ ይዣለሁ።

ያንተ በር ነገር አይረሳኝም፤ ብቻህን የሠራኸው የመጀመሪያ በር። አባባ በሠራተኞቹ ፊት ስኳድራዋን ጥጉ ላይ ደግፎ፣ ጠማማ ነው ፍታው ሲልህ፣ አንተ በገመድ ሁለቱን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለክተህ እኩል ነው ብለህ ስትሟገት፣ እሱም ገመድ ይለጠጣል፣ ብረት አይዋሽም ሲል። በዚያው ሳምንት ነው ሻንጣህን ያነሳኸው፤ ልክ ነበርክ እስካላለኝ ድረስ ይህን ደጃፍ አልረግጥም ብለህ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ለናፍቆት ያለቀስኩ መስሎህ ይሆናል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መጋረጃ ልቆርጥ ቀጥ ያለ መስመር ፈልጌ፣ አባባ ሳይኖር ያቺን ስኳድራ ወስጄ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ወደቀችብኝ። አገላብጬ አየኋት፣ ምንም አልሆነችም። ጠርጌ፣ ጠቅልዬ፣ ቦታዋ መለስኳት። መጋረጃው ተንጋዶ ሲወጣ እኔ ጨርቁን ረገምኩ፤ መስኮቶቹ አልገጥም ሲሉት አባባ ጣውላውን ረገመ፤ አንተ ደግሞ ሻንጣህን አነሳህ። የጠረጠርኩባት ቀን ነበረች፤ ጥርጣሬዬን ግን ከልብስ ክምር ሥር ቀበርኩት። ፈራሁ። ይቅር በለኝ።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ለአባባ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰው ሁሉ እያየን፣ እኔ ነኝ የጣልኳት አልኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ስኳድራዋን ጠቀለላትና፣ አንቺ ጣልሻት፣ ሳልፈትሻት የኖርኩት እኔ ነኝ አለኝ። ለስንቱ ተማሪ መሣሪያህን ፈትሽ ስል፣ ይቺን ጌታዬ ሰጠኝ ብዬ መፈተሽ ነውር መሰለኝ አለ። ከዚያ ወደ ዋስትና የለውም ዞሮ፣ በሰዉ ሁሉ ፊት፣ ያንተው ነው ልክ አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ለመጀመሪያ ጊዜ «ዋስትና አለው» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው።

ወደ ቤት አልሄድንም። ጉቶ ጋ ወሰደኝ፤ እንጨት ሻጩ ጋ። ሦስት ዓመት እርጥብ ጣውላ እየሸጥክ መስኮቴን አጣመምክ ሲለው የኖረው ጉቶ ጋ። አባባ ቆቡን አውልቆ፣ ጣውላህ ደረቅ ነበር፣ በደልኩህ አለው። ጉቶ ምን ያደርጋል? ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ እስቲ ይድገሙልኝ ይላል። ደገመለት። ያ ሰይጣን ደግሞ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ና ጋሽ ሚሊ ምን እንደሚሉ ስማ አለ። እኔ ደሜ ፈላ። አባባ ግን ለሦስተኛ ጊዜ፣ አንድም ቃል ሳይቀንስ፣ ተናገረ። በዚህ ጊዜ ጉቶ ራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ብዙ ጊዜ አባታችንን ፈርቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ስንመለስ በቀጥታ ወርክሾፕ ገባ። በርህ አልፈረሰም፤ ይኼን አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እዚያው ጥግ ቆሟል። አዞረው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ የገመዱን ጫፍ ያዢልኝ አለኝ። ከጥግ እስከ ጥግ ለካ፤ ከዚያ ከሌላው ጥግ እስከ ጥግ። እኩል። መዳፉን በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፈ። ማጠፊያው ቦታ ላይ እጁ ጥሩ ነው አለ። ያንተን እጅ ማለቱ ነው።

ዝርዝርህን አብሬ ልኬያለሁ፤ ምልክቶቹ የእሱ ናቸው። ስለ መሣሪያው ብቻ ጻፊለት ብሎኝ ነበር። እኔ ስለ መሣሪያ ብቻ ጽፌ የማቆም ሰው ነኝ? ባጭሩ ግን ፍርዱ ይኸው ነው፤ አትጠብቅ፣ በርካሹ ጀምር፣ መርጠህ ግዛ፣ ሁሉን ፈትሽ።

እጅህን ይባርክልህ። ዓይንህን ከፍንጣሪ፣ ጣትህን ከስለት፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ። የመጀመሪያው ደንበኛህ ደግ፣ ሁለተኛው ወሬኛ ይሁንልህ፤ ወሬኛ ነው ገበያ የሚያመጣው። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች።

ውይ፣ ልረሳው ነበር! አባባ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ከመናኸሪያው እስከ ሱቅህ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ለምን ስለው ለዕቃው ነው አለ። ምን ዕቃ ስለው ተቆጣኝ። እባክህ ፈጥነህ ጻፍልኝ፣ ይህ ደብዳቤ ገና ሳይላክ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፖስታ መጣ ወይ እያለ ነው። ደግሞ ስትቆጥር ባንተ እግር አትቁጠር፤ በሽማግሌ እግር ቁጠር።

እህትህ